«አባዬ» ስልክ ውስጥ ነው!
(ከማሙሽ ጋር ከቦሌ እስከ ዱባይ)

ዛሬ ስለ ፍቅር፣ ስለ ቅናት፣ ስለ «ጥሎኝ ሄደ» አላወራም። የማወራችሁ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሦስት ሳምንት ስለቀረው አንድ ጎረምሳና ስለ አንድ አውሮፕላን ነው። «እኔ ልጅ የለኝ፣ ምን አገባኝ?» ብላችሁ ገጹን ልትገልጡ ከሆነ ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ ባይኖራችሁ ነገ ይኖራችኋል፤ ባይኖራችሁም አንድ ቀን አውሮፕላን ውስጥ ከአንዱ አጠገብ መቀመጣችሁ አይቀርም!

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሙሽ አባት ዱባይ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው። እኔ የአራት ወር እርጉዝ እያለሁ «አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። የስደት አንድ ዓመት ደግሞ እንደምታውቁት አንድ ዓመት ሆኖ አያውቅም። ልጁ ተወለደ፣ ክርስትና ተነሳ፣ ጥርስ አወጣ፣ ዳዴ አለ፣ ቆሞ ሄደ። አባትየው ይህን ሁሉ ያየው በስልክ ነው። ማሙሽም አባቱን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ ለማሙሽ «አባዬ» ማለት ሰው ሳይሆን የእኔ ሞባይል ነው! ስልኩ በጠራ ቁጥር፣ የደወለችው እናቴም ትሁን የዕቁብ ሰብሳቢያችን፣ «አባዬ! አባዬ!» እያለ ሮጦ ይመጣል። ጎረቤት ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ማታ ብቻዬን ስሆን ግን ነገርየው አያስቅም።

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ባለቤቴ እንደምንም ብሎ የአንድ ወር የጉብኝት ቪዛ ላከልን። ሰው ሁሉ «አራት ሰዓት በረራ ናት፤ ምን አላት!» ይለኛል። እኔን ያስጨነቀኝ ግን መብረሩ ሳይሆን መውረዱ ነበር። ማሙሽ ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ፣ ዓይኑ አባብጦ፣ ሰው የተባለ ፍጥረት ሁሉ አስጠልቶት ቢወርድስ? አባትና ልጅ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚተያዩት በዚህ ሁኔታ ቢሆንስ? እናም ልጁን አየር ላይ ደስ ብሎት እንዲቆይ ማድረግ ለእኔ የተሳፋሪ ሰላም ጉዳይ ብቻ አልነበረም።

የመካሪ ብዛት

ልጅ ይዛችሁ ልትበሩ ነው ሲባል የማይመክራችሁ ሰው የለም። አማቴ ጤና አዳም በነጭ ጨርቅ ቋጥረው ከልብሱ ሥር አሰሩለትና «ሰማይ ላይም ዓይን አለ» አሉኝ። እሺ ብያለሁ፤ ሽታው ደስ ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ አንድ ፌስታል ሙሉ ቆሎና ለውዝ ይዘው መጡ። ይቅርታ አድርጉልኝና ይህን ቤት ጥዬው ሄድኩ። ቆሎ፣ ለውዝና ዳቦ ቆሎ ለትንሽ ልጅ መሬት ላይም አደገኛ ነው፤ ሲስቅ ወይም ሲያለቅስ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል። አውሮፕላን ውስጥ ሲንገጫገጭ ደግሞ አስቡት! ለስላሳ ዳቦ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች ያዝኩ። አንድም ልብስ አያበላሽም፣ አንድም አያንቅም።

ከሁሉ የከፋችው ምክር የመጣችው ግን ከአንዲት ዓረብ አገር ተመላልሳ ከምታውቅ ጓደኛዬ ነው። «የሚያስተኛ የጉንፋን ሽሮፕ አንድ ማንኪያ አጠጪው፤ ዱባይ እስክትደርሺ ድምፁን አትሰሚውም!» አለችኝ። አልዋሻችሁም፣ ፋርማሲ ሄጃለሁ። ፋርማሲስቱ «ጉንፋን ይዞታል?» አለኝ። «አይ፣ ለመንገድ ነው» ስለው ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መለሰው።

«እህቴ፣ ይኼ ፕሮሜታዚን ያለበት ነው። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል» አለኝ። ኋላ ሳጣራ እውነቱን ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ይኸው መድኃኒት ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ በጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት አድርጓል። ሌሎቹም የሚያስተኙ ሽሮፖች ቢሆኑ አንዳንዱን ልጅ በማስተኛት ፈንታ ጭራሽ ያቅበጠብጡታል ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ ልጁ እየተዝለፈለፈ «ደክሞት ተኝቷል» ብዬ፣ ሐኪም በሌለበት ሰማይ ላይ አቅፌው ስሄድ! ስንቶቻችን ነን ለአራት ሰዓት ጸጥታ ብለን ይህን የምናደርገው? ልጅ አውሮፕላን ውስጥ ቢያለቅስ አይሞትም። ያውቃችሁ ዘንድ ነው የምጽፈው።

የሁለት ዓመት ገመድ

ትኬት ስትቆርጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። በውጭ አገር በረራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ በእናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ይሄዳል፤ የሚከፍለው በአብዛኛው የአዋቂውን አሥር በመቶ ገደማ ነው። ሁለት ከሞላው ግን የራሱ ወንበር አለው፤ ሒሳቡም ወደ አዋቂው ይጠጋል። እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ ልደቱ ሳይደርስ ተሽቀዳደምኩ። ለካስ ዕድሜው የሚቆጠረው በየበረራው ቀን ነው! ስንሄድ ጭኔ ላይ፣ ስንመለስ ግን ሁለት ዓመት ስለሚያልፈው እንደ ጌታ የራሱ ወንበር ላይ ሆነ። ይህን ቀድሜ ባውቅ የገንዘቡን ነገር ቀድሜ እዘጋጅ ነበር።

ከግድግዳው ጋር የምትንጠለጠል የሕፃን አልጋ አለች፤ ለትንንሾቹ ጥሩ ናት። ቀደም ብሎ ማስያዝ ያስፈልጋል፣ የክብደት ገደብም አላት። የእኔው ጎረምሳ ገደቡን ካለፈ ቆይቷል። የልጁን ፓስፖርትና ቪዛ ሳይሆን የልደት ሰርተፊኬቱንም ጨምራችሁ በእጅ ያዙ። እናት ወይም አባት ለብቻ ልጅ ይዘው ሲጓዙ «የሌላኛው ወላጅ ፈቃድስ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል።

ፍተሻ ላይ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አይለፍ የሚለው ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ የመጣ ነው። የልጅ ወተትና ውሃ ግን ለመንገዱ የሚበቃውን ያህል ያሳልፉላችኋል፤ ከቦርሳ አውጥታችሁ ማሳየት ብቻ ነው። ዳይፐር ስትቆጥሩ በሰዓት አንድ አድርጋችሁ ሁለት ጨምሩ። ለልጁ ብቻ ሳይሆን ለራሳችሁም ቅያሪ ሸሚዝ ያዙ። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ ይደርሳችኋል።

ጋዜጣችን ሲቀደድ

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ ልምጣ። አንድ መላ የነገረችኝ የልጆች አስተማሪ የሆነች ጎረቤቴ ናት። «አዲስ መጫወቻ አትግዢ። ቤት ውስጥ ያለውን ትንንሽ ዕቃ እየጠቀለልሽ ያዢ። ለልጅ ደስታው ዕቃው ውስጥ ሳይሆን መፍታቱ ውስጥ ነው» አለችኝ። ስለዚህ ስምንት ጥቅል ሠራሁ፤ የእንጨት ማንኪያ፣ ባዶ የክሬም ቆርቆሮ፣ መሐረብ፣ አሮጌ የእጅ ሰዓቴ፣ የስጦታ ሪባን፣ ትልቅ ማበጠሪያ፣ የአያቱ መነጽር ማኅደር፣ አንዲት የጨርቅ በግ። (ሲዋጥ የሚችል ትንሽ ነገር፣ ክዳንም ቢሆን ሳንቲም፣ አይገባም!) በምን ጠቀለልኩት መሰላችሁ? በዚሁ በጋዜጣችን! የእኔኑ ጽሑፍ ማሙሽ ሲቦጫጭቀው ማየት ልብ ይሰብራል። ሆኖም አንዱ ጥቅል ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይሰጣል፤ ጋዜጣችን ሲነበብ ብቻ ሳይሆን ሲቀደድም ይጠቅማል ማለት ነው።

ስሕተቴ ግን ምን መሰላችሁ? በረራችን ከምሽቱ 5 ሰዓት ነበር፤ ማሙሽ ከተኛ ሁለት ሰዓት የሚሆነው ጊዜ። ቦሌ መጠበቂያው አዳራሽ ውስጥ መነጫነጭ ሲጀምር ደንግጬ ሦስቱን ጥቅል እዚያው ፈታሁለት። ያኔ ማድረግ የነበረብኝ ማስሮጥ ነበር! አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ወለሉ ያንሸራትታል፣ ተንሸራታች ደረጃው አለ፤ ለልጅ ከዚህ የተሻለ ሜዳ ከየት ይመጣል? «ልጅ የያዙ ይቅደሙ» ሲባልም ዘልዬ ገባሁ። አሁን ቢሆን ከሚገቡት መጨረሻ እሆን ነበር። ቀድሞ የገባ ልጅ ቀድሞ ይታሰራል፤ አውሮፕላኑ እስኪነሳ አርባ ደቂቃ ተቀምጠን ሁለት ጥቅል ተበላ። ገና መሬት ላይ ሆነን ከስምንቱ አምስቱ አለቀ!

ሆስተሷ ከእኔ ቀበቶ ጋር የሚጋጠም ትንሽ ቀበቶ አመጣችልኝ። ይህንን ጠይቁ። በራሳችሁ ቀበቶ ልጁን ጨምራችሁ አትሰሩት፤ አውሮፕላኑ ድንገት ቢያቆም የእናንተ ክብደት በሙሉ ልጁ ላይ ነው የሚያርፈው። ማሙሽ በበኩሉ ከፊታችን የተቀመጡትን ሱፍ የለበሱ ሰውዬ ወንበር በእግሩ ይደበድባል። ዞር ብለው «ልጅሽን ያዢ እንጂ!» አሉኝ። ልክ ናቸው። አሁን የምመክራችሁ፣ ገና ስትቀመጡ በፊትም በኋላም ላለው ሰው «ልጅ ይዣለሁ፣ ካስቸገርን ይቅርታ» በሉ። ቀድማ የተባለች ይቅርታ ብዙ ግልምጫ ታስቀራለች። ጫማውንም አውልቁለት።

ጡጦዋን ያለጊዜዋ

አውሮፕላኑ ሲነሳ ጡጦውን ሰጠሁት። አንድ የፈረንጅ መጽሔት ላይ «ሲነሳ ጡጦ ስጡት፣ ጆሮው እንዳያመው» የሚል አንብቤ ነበር። ማሙሽ ጢቅ አድርጎ ጠጥቶ ጨረሰ። እኔም «ጎበዝ እናት!» ብዬ ለራሴ አጨበጨብኩ።

አሁን የማውቀውን ልንገራችሁ። አውሮፕላን ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ሲወጣ ውስጡ ያለው አየር በማሽን ይታመቃል። ሲታመቅ ግን እንደ ባሕር ዳርቻ አየር አያደርጉትም፤ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ባለው ቦታ እንደምንተነፍሰው ዓይነት ነው። ቦሌ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው! ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሲነሱ ጆሮ ብዙም አይታወቀውም። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን ውስጥ ከሆናችሁ እንዲያውም ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሞጆ እንደ መውረድ ነው። ጉዱ ያለው ዱባይ ላይ ነው። ዱባይ ባሕር ዳር ናት። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ከደጋ አየር ወደ ባሕር ጠለል አየር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትወርዳላችሁ። የልጅ የጆሮ ቱቦ ደግሞ ጠባብና አግድም ያለ ስለሆነ አየሩ ቶሎ አያልፍለትም፤ የሚከፈተው ሲውጥ ወይም ሲያዛጋ ነው። የፈረንጁ መጽሔት የተጻፈው ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ነው። እኛ ደገኞቹ ጡጦዋን ለመውረጃው ማስቀመጥ አለብን! ልጁ ጉንፋን ከያዘው ደግሞ ሕመሙ ይብሳልና ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ይህን ያወቅኩት ግን ወተቱ ካለቀ በኋላ ነው።

«እትዬ፣ ስንት ዓመቱ ነው?»

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት ቢሆናት ነው። ከእኛ በስተኋላ ያሉት ረድፎች በሙሉ እንደ እሷው ባሉ ልጆች የተሞሉ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰዋል፤ ሁሉም ወረቀታቸውን በፕላስቲክ ማኅደር ደረታቸው ላይ ይዘዋል። በኤጀንሲ ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ናቸው። አብዛኞቹ አውሮፕላን ሲሳፈሩ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ያስታውቃል። አውሮፕላኑ ሲነሳ አንዷ ጮኸች፣ ሌላዋ «ቢስሚላህ» አለች፣ አንዷ ደግሞ አማተበች።

ጎረቤቴ ብዙ ጊዜ ማሙሽን ብቻ ስታይ ቆየች። ከዚያ፦

«እትዬ፣ ስንት ዓመቱ ነው?» አለችኝ።

(«እትዬ» ስባል ይኼ የመጀመሪያዬ ነው! ገና ሠላሳም አልሞላኝ። ግን ተውኩት።)

«ሁለት ሊሞላው ነው።»

«የእኔም...» አለችና ዝም አለች።

ማሙሽ የቀሩትን ሦስት ጥቅሎች ጨርሶ፣ ዳቦውን ከፊሉን በልቶ ከፊሉን ወንበሩ ሥር ቀብሮ፣ አሁን በእንቅልፍ ሰዓቱ የማይተኛ ልጅ የሚያደርገውን ማድረግ ጀመረ። ጀርባውን ለጥጦ መጮህ! ተነሥቼ በመተላለፊያው ወዲያና ወዲህ አመላለስኩት። ለነገሩ ይኼም አንዱ መላ ነው፤ ቀበቶ ፍቱ ከተባለ በኋላ ከወንበር ወንበር ሰው እያሳዩ ማዞር። የኋላዎቹ ልጆች ግን ሲያልፍ አላሳለፉትም። አንዷ እጇን ዘረጋች፤ ሌላዋ ጉንጩን ሳመች፤ ሦስተኛዋ ከምግብ ትሪዋ ኬኳን አነሣችለት። ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ ከእቅፍ ወደ እቅፍ እየተላለፈ ጠፋብኝ። ሳቁ ብቻ ከወደ ኋላ ይሰማኛል። ስምንት ጥቅል ያልሠራውን ሥራ ሃያ የማያውቃቸው አክስቶች ሠሩት! ሆስተሷ ቆማ «ይኼ ልጅ ስንት እናት ነው ያለው?» ብላ ሳቀች። ማንም አልመለሰላትም።

በመጨረሻ ሲመለስ የተቀበለችው ያቺው ጎረቤቴ ናት። ጭኗ ላይ አስቀምጣው አናቱን አሸተተች። «ጤና አዳም» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እንደ እናት መታ መታ እያደረገች «እሹሩሩ» ስትለው፣ ልሞት ነው እያለ ሲጮህ የነበረው ልጅ በአምስት ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው።

«ልስጥሽ?» አለችኝ። እጇ ግን አልለቀቀውም።

«ያዢው፣ ካልከበደሽ» አልኳት።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ከወሎ፣ ከደሴ ዙሪያ ነው የመጣችው። የእሷም ልጅ ሁለት ሊሞላት ነው። ለእናቷ ትታት መምጣቷ ነው። «ጡት ካስጣልኳት ሁለት ወር ሆናት። እንዳትቸገር ብዬ ነው ቀደም ብዬ ያስጣልኳት» አለችኝ። ባልየው የት እንዳለ አልጠየቅኳትም፤ እሷም አላነሳችውም። ማሙሽ ተኝቶ ስለነበር ሁለታችንም በሹክሹክታ ነበር የምናወራው።

«እትዬ፣ አንቺ የተማርሽ ትመስያለሽ» አለችኝ ቆይታ። «ኮንትራቴ ሁለት ዓመት ነው። ስመለስ ታውቀኛለች?»

ምን ልበላት ታዲያ? «እንዴ! ልጅ እናቷን እንዴት ትረሳለች?» አልኳት። ሁላችንም የምንለው እንዲህ ነው። ግን እኮ ጭኗ ላይ የተኛው ልጅ አባቱን ስልክ ነው ብሎ የሚያምን ልጅ ነው! ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያመነችኝ አልመሰለኝም።

ስንወርድ

አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ማሙሽ በጩኸት ነቃ። ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል፤ ለካስ ለእውነት ያመዋል! ጡጦው ባዶ ነው፤ ሆስተሶቹ ቀበቷቸውን አስረው ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ እሱ ሲጮህ ይብስ ልቤ ይመታል፤ የእኔ ልብ ሲመታ እሱ ይብስ ይጮኻል። ይህን ልብ በሉ፤ ልጅ ሰማይ ላይ የሚያነበው የእናቱን ፊት ነው። የኦክስጅን ጭንብል ቢወርድ መጀመሪያ ለራሳችሁ ከዚያ ለልጁ አድርጉ የሚሉት ያለ ነገር አይደለም።

ያቺ ልጅ ግን ፊቷ አልተለወጠም። ከእራቷ የቀረውን ውሃ በኩባያ አስቀምጣዋለች። የፕላስቲክ ማንኪያዋንም ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች፤ «የአውሮፕላን ማስታወሻ» ብላ ነው መሰለኝ። አወጣችውና «አብሽር፣ አብሽር የኔ ጌታ» እያለች በማንኪያ ጫፍ ውሃ ታጠጣው ጀመር። አንድ ጉንጭ፣ ዋጥ። አንድ ጉንጭ፣ ዋጥ። መሐል ላይ አፏን በሰፊው ከፍታ ታዛጋለች፤ እሱም ያያትና ያዛጋል። ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ በዚህ መልክ ወረድን። ለቅሶውን አቆመ ብቻ ሳይሆን ማንኪያውን ቀምቶ ራሱ ሊያጠጣት ይታገል ነበር።

ስንወጣ ወረቀት የያዘ ሰው እነሱን ለብቻ ሰብስቦ ይቆጥራል። ማሙሽን ስታስረክበኝ አናቱን አንድ ጊዜ አሸተተችና ሄደች። ማንኪያዋ ማሙሽ እጅ ላይ ቀረች። ስሟን ነግራኛለች፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

አባዬ

በዱባይ ሰዓት ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነበር ፍተሻውን ጨርሰን የወጣነው። ባለቤቴ ፊኛ ይዞ ቆሟል። ከስቷል፣ ጢም አሳድጓል። ማሙሽ ደግሞ እንደተመኘሁት ነው፤ ንጹሕ፣ ሳቂታ፣ ማንኪያውን እንደ በትረ መንግሥት የያዘ። «ማሙሽ፣ ያው አባዬ!» አልኩት።

ማሙሽ ሰውየውን አየ። ከዚያ እጁን ወደ ቦርሳዬ ሰደደ። ስልኩን ፈለገ!

ባለቤቴ ሳይታገሥ ሊያቅፈው ሲጎትተው ጩኸቱን ለቀቀው፤ አንገቴ ላይ ተለጥፎ «እምቢ!» አለ። ፊኛዋ ወደ ጣሪያው ሄደች። ባለቤቴ ሻንጣውን ይዞ ከፊት ከፊት ሄደ። ዓይኑን እንዳላየው ነው መሰለኝ።

የመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አለፈ። በሁለተኛው ቀን እናቴ ደወለች፤ ማሙሽ እውነተኛው አባቱ በተቀመጠበት ፊት «አባዬ! አባዬ!» እያለ ወደ ስልኩ ሮጠ። እኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ያን ዕለት ማታ ተመካከርንና «አትጥራው፣ አታባብለው፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። ማሙሽን ዞር ብሎም አላየውም። ማሙሽ ቀስ ቀስ እያለ ቀረበና አንድ ፍሬ ወሰደ። ሁለተኛ ወሰደ። ከዚያ ሄዶ ስልኬን አመጣና ከሰውየው ፊት ጎን አድርጎ ያዘው። ስልኩን ያያል፣ ፊቱን ያያል። ጢሙን በጣቱ ነካ አደረገና «አባዬ?» አለ። ሲጠይቅ ነው እንጂ ሲጠራ አይደለም። ባለቤቴ «አቤት» አለ። ብርቱካኑን አልጨረሰውም።

ሦስት ቀን ነው የፈጀው። ያን ቀን ትዝ ያለችኝ ያቺ ልጅ ናት። ለጥያቄዋ የሰጠኋት መልስ ውሸት ነበር። አሁን ባገኛት የምነግራት ሌላ ነው። «ስትመለሺ ላታውቅሽ ትችላለች፤ ታለቅስብሻለች፤ አያትየው ጀርባ ትደበቃለች። አትጎትቻት። እኅህ ብለሽም ለብቻሽ አታልቅሺ። ከእሷ እኩል መሬት ላይ ተቀመጪና ብርቱካን ላጪ። ይፈጃል እንጂ ይመጣል። ለእኛ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ላንቺ ሳምንት ወይም ወር ሊፈጅ ይችላል» እላት ነበር። ይህን ጋዜጣ እዚያ ሆና ታገኛለች ብዬ አላስብም። ግን ከእናንተ መሐል እህቱ ወይም ዘመዱ ዓረብ አገር ሆና ልጇን እቤቱ የሚያሳድግ ብዙ ነው። እባካችሁ የእናቲቱን ፎቶ ልጁ በሚያየው ቁመት ስቀሉለት። ስትደውልም «ሒሳብ እየቆጠረ ነው» ብላችሁ ቶሎ አትዝጉት፤ ልጁ ትንሽ ፊቷን ይይ።

መመለሻውን ብትጠይቁኝ ቀላል ነበር። ማሙሽ የራሱ ወንበር ላይ ተንደላቆ፣ ጥቅሎቹን አንድ አንድ እያልኩ በየግማሽ ሰዓቱ እየሰጠሁት መጣ። ጡጦዋን ለመውረጃ ብቆጥባትም አላስፈለገችም፤ ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ጆሮ አያምም ብያችሁ የለ! ችግሩ ከቤት ከገባን በኋላ ነው የመጣው። አሁን ስልኬ ሲጠራ ማሙሽ «አባዬ!» ይላል፤ ግን እንደ ድሮው ወደ ስልኩ አይመጣም። ወደ በሩ ነው የሚሮጠው።

በሉ እንግዲህ፣ መንገደኛውን መንገድ ይቅናው። ቸር ይግጠመን!